በሰንበት የዘነበው ዝናብ

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። መታወቂያዬ እንደሚለው ማለቴ ነው እንጂ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሠላሳ ስድስት ነሽ፤ በበረዶው ዓመት ነው የወለድኩሽ» ትለኝ ነበር። የበረዶው ዓመት የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን አገር ቤት፣ ወገራ ቀርቷል። እዚህ አገር ስንገባ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተቀበለን ጸሐፊ ፊቴን አይቶ፣ እንደ በቅሎም ጥርሴን አይቶ፣ ዓመት ሰጠኝ። ቀኑንማ ለሁላችንም አንድ አደረገው፤ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዕለት። እንግዲህ የተወለደችበትን ቀን የማታውቅ ሴት ናት በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀን ስትቆጥር የኖረችው። ይህን ስጽፍ ፈገግ እላለሁ፤ ኩራትም አለበት፣ አልደብቅም።

ባለፈው ሳምንት ሄርጽል መንገድ ላይ ስሄድ የዘንድሮው የመጀመሪያ ዝናብ ያዘኝ። ሰው ሁሉ ወደ ሱቆቹ መጠለያ ሮጠ፤ እኔ ግን ቆምኩ። በጋውን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ የከረመ አስፋልት ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የጋለ ብረትና የብርቱካን ልጣጭ አንድ ላይ የመሰለ። ያ ሽታ ነው አንስቶ ወደዚያ ዘመን የወሰደኝ። ያኔ ከተማችን ናታንያ እንዲህ በፎቅ አልታጠረችም። ልጄ አስቴር አሁን በማሽካንታ፣ ዕድሜ ልክ በሚከፈል የባንክ ብድር ማለት ነው፣ ቤት የገዛችበት የዐጋሚም ሰፈር አሸዋና ባዶ ሜዳ ነበር። ዝናብ ሲመጣ የሚሞላ፣ በበጋ የሚደርቅ ኩሬ አለ እዚያው አጠገብ፤ የእንቁራሪቱ ጩኸት እኛ ብሎክ ድረስ ይሰማል። አውቶቡስ የምንሳፈርባት ካርድ ነበረችን፣ ካርቲሲያ የምትባል፤ ሾፌሩ በጉጠት ይበሳታል፣ የአንዱ ሾፌር ቀዳዳ ኮከብ፣ የሌላው ልብ ይመስላል። አስቴር ያለቁትን ካርዶች ሰብስባ በብርሃን ፊት ትይዛቸውና ግድግዳው ላይ ኮከብ ታበራ ነበር። ዳቦ በአንድ ሸቀል ይገዛል። ሹቁ፣ ገበያው፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ ሊዘጋ ሲል ቲማቲሙን በሳጥን የሚሰጡ አንድ የትሪፖሊ ሽማግሌ ነበሩ፤ «ውሰጂ፣ ለሰንበት ነው» ይሉኝ ነበር። በአውቶቡስ ጣቢያው ጥግ ባለችው ኪዮስክ የማሲንቆ ካሴት ከሩሲያ ዘፈን ካሴት ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። እኔ የምለብሰው በእርዳታ የተሰጠኝን የሰው ሹራብ ነበር፤ ቡናማ፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው፣ እጅጌው ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ። ሞቀኝ ብዬ የጣልኩት ቀን የለም። አሁን እንዲህ ያለ ሹራብ የሚያስለብስ ብርድ የሚመጣው ስንት ቀን ነው? እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ፤ ተጽፎ አለና።

ባሌ ገብያው የፋብሪካው ሰፈር በሆነው በሳፒር በፈረቃ ይሠራ ነበር። እኔ ከብሎካችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለው ትምህርት ቤት አጸዳ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጓሮ ውስጥ አራት እግር ያለው፣ የንብ ቀፎ የመሰለ ነጭ የእንጨት ሳጥን ቆሟል፤ አጠገቡ ምሰሶ ላይ የተቀመጠ የቆርቆሮ ዕቃ አለ። በየማለዳው አንድ ሽማግሌ አስተማሪ ይመጡና ሳጥኑን ከፍተው ያያሉ፣ ከቆርቆሮው ውሃ ወደ ብርጭቆ ይቀዳሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። የጂኦግራፊ አስተማሪው ዮኤል ነበሩ፤ በብርድም በሙቀትም ቁምጣ የሚለብሱ፣ መነጽራቸው እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ። መጀመሪያ ሳያቸው አንድ ዓይነት ጸሎት መስሎኝ መጥረጊያዬን አቁሜ በአክብሮት እጠብቃቸው ነበር።

አንድ ቀን ጉልበታቸውን እያሹ ወደ እኔ መጡ። «ትርንጎ፣ ቁጥር ታነቢያለሽ?» አሉኝ።

«አነባለሁ» አልኩ። እውነቴን ነው፣ የገበያ ቁጥር አነባለሁ። በፊደል ግን ገና ነበርኩ። ዕብራይስጥ የሚያስተምሩበት ክፍል አምስት ወር ተቀምጬ ይዤ የወጣሁት ሰላምታና ስሜን ነበር። የቀረውን ማታ ማታ ከአስቴር የአንደኛ ክፍል ደብተር ላይ ራሴን ያስተማርኩት በኋላ ነው፤ ለዚያ ያነሳሳኝም አሁን የምነግራችሁ የዝናብ ደብተር ነው ብል አልዋሸሁም።

«እንግዲያው ጠዋት በስምንት ሰዓት የቀኑንና የሌሊቱን ሙቀት፣ ዝናቡንም እያየሽ ጻፊልኝ። ጉልበቴ ከዳኝ።» በስምንት ያሉት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሙቀቱን በየቀኑ፣ ዝናቡን ግን ከፋሲካ እስከ መስከረም፣ እስከ ዳስ በዓል፣ ተዪው አሉኝ፣ በበጋ አይዘንብምና። አዎ፣ እሺ አልኩ። በሆዴ ግን እኚህ ሰውዬ ቀልደኛ ናቸው አልኩ። ሐምሌ ገብቶ፣ ነሐሴ ገብቶ፣ ዝናብ የለም? በእኛ አገር በሐምሌ ሰማይና ምድር ሲገናኙ አይደለም ወይ ያደግነው? ዘንድሮ ቢቀር በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል እያልኩ በየማለዳው ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ባዶ። ዜሮ ጻፍኩ። በማግስቱም ባዶ። ዜሮ። በጋው አልቆ ዮኤል ደብተሩን ሲገልጡ ገጹ ሁሉ ዜሮ ሆኖ አገኙት።

«ይህ ሁሉ ምንድን ነው?»

«አየሁት፤ ባዶ ነው።»

«አታዪው ብዬሽ ነበር እኮ!»

«ቢመጣስ? ሐምሌን ማን ያምናል?»

ሳቁ፣ ሳቁ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ድንገት ሳቃቸውን ገቱና፣ «እንደዚሁ ቀጥዪ» አሉኝ። እኔም ቀጠልኩ። የአገሩ ሰማይ ከገባኝ በኋላም አልተውኩትም፤ አንዴ የጀመርኩትን ነገር መተው አልወድም።

የቸገረኝ ሰንበት፣ ቅዳሜያችን፣ ነበር። በሰንበት እሳት አንነካም፣ አንጽፍም፣ ዕቃ አናነሳም፤ የዓርቡ ዝናብ ከቅዳሜው ጋር ተደባልቆ እሑድ ጠዋት አንድ ላይ ይጠብቀኛል። ዮኤል ደግሞ፣ «የሁለት ቀን ውሃ አንድ ቀን ላይ ከተጻፈ ያልነበረ ጎርፍ ፈጠርሽ ማለት ነው፤ አይጠቅምም» ይላሉ። የባሌ አባት ቄስ ደረሰ፣ እኛ አይሁዶቹም የሃይማኖት አባታችንን ቄስ ነው የምንለው፣ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«አባ፣ ዝናቡን በሰንበት ብለካው ኃጢአት ይሆንብኛል?»

«በእጅሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቆርቆሮውን አነሳለሁ፣ ወደ ብርጭቆ እገለብጣለሁ፣ እጽፋለሁ።»

«ሦስቱም ሥራ ነው። አይሆንም።»

ነገሩ ግን ከልባቸው አልወጣም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ከረሙ። ሐሙስ ዕለት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ዓይን ሥራ አትሠራም። ዓይን የተሰጠችን የፈጣሪን ሥራ ልናይባት ነው። እንዳትነኪ፣ እንዳትጽፊ እንጂ ማየቱን እዪ። ያየሽውን ይዘሽ ግቢ።»

«በምን ልያዘው፣ አባ?»

«በአፍሽ ነዋ! ለእኔም ንገሪኝ። ነገር በሁለት ምስክር ይጸናል።»

ይህን ለዮኤል ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሱ። እሳቸው የሃይማኖት ሰው አልነበሩም፤ ሆኖም በሳምንቱ ከገንዘባቸው ገዝተው፣ የሚሊ ሜትር ቁጥር የተጻፈበት ጥርት ያለ ረጅም መለኪያ አጥሩ አጠገብ፣ በዓይኔ ቁመት ልክ አቆሙልኝ፤ በሰንበት ቁልፍ ሳልይዝ ከመንገድ ላይ ሆኜ እንዳየው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ መንገዱን እሻገራለሁ፣ አያለሁ፣ ቁጥሩን እንደ እንቁላል በአፌ ይዤ እመለሳለሁ፣ ለአባ እነግራቸዋለሁ። ሦስት ኮከብ ታይቶ ሰንበት ሲወጣ ሁለታችንም ያየነውን የሰማነውን እንናገርና እጽፋለሁ፤ ከቁጥሩ ጎን ሁለት ጭረት፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የአባ። ሳንስማማ ስንቀር ሁለቱንም ቁጥር እጽፋለሁ። እሑድ ደግሞ የቆርቆሮው ውሃ የሁለቱ ቀን ድምር ስለሆነ የቅዳሜውን እቀንስበታለሁ። ገብያው ይህን ሁሉ እያየ መቀለጃ አደረገን። «ውሃ ቆጣሪዋ መጣች! ሰማይ ቤት ደመወዝ ቆረጡልሽ ወይ?» ይለኛል፤ ለፋብሪካ ጓደኞቹም አወራልኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ትልቁ ሰንበት መጣ። ዓርብ ከቀትር ጀምሮ ባሕሩ በኩል ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። ሻማ ሳንለኩስ ጀመረ፤ ሌቱን ሙሉ አወረደው፣ ዶፍ ነው፣ የወገራን ነሐሴ የሚያስንቅ። ሲነጋ በመስኮት ሳይ መንገዱ ወንዝ ሆኗል፤ የቆሻሻ ገንዳዎቹ እንደ ጀልባ ተንሳፍፈው ይጋጫሉ። ጃንጥላ በሰንበት አልዘረጋም። ገብያው በሩ ላይ ቆመ፤ «ለቁጥር ብለሽ ልትሰጥሚ ነው?» አለ። አባ ግን፣ «ተዋት፣ አደራ ነው» አሉ። ከሹቅ የገዛኋትን ቢጫ ቦቲ አጥልቄ ወጣሁ፤ ውሃው በቦቲው አፍ ገባ። አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ አየሁ። ሦስት ጊዜ አየሁ፣ አላመንኩማ፤ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር አይቼ አላውቅም ነበር። ስመለስ ለአባ ነገርኳቸው። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እንዳይጠፋባቸው ቁጥሩን በጸሎት ዜማ ያነበንቡ ጀመር። ገብያው፣ «አባባ፣ ጸሎቱን ይጨርሱ እንጂ!» ቢላቸው፣ «ይህም ከጸሎቱ ነው» አሉት። ያን ቀን ኮከብ የሚታይበት ሰማይ አልነበረም፤ ሰንበት የሚወጣበትን ሰዓት ገምተን፣ ለጥንቃቄም ግማሽ ሰዓት ጨምረን ቆየንና ጻፍኩ። ሁለት ጭረት።

ከዚያ በኋላ ዓመቱ ሮጠ። ዮኤል ጡረታ ወጡ፣ ወደ ልጃቸው ሄዱ፣ አረፉ። አባም አረፉ፤ ከዚያ ወዲህ በቅዳሜዬ ቁጥር ጎን አንድ ጭረት ብቻ ሆነ። ደብተሩን የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ርእሰ መምህራኑ ተለዋወጡ፤ ሳጥኑን የትርንጎ ቀፎ ይሉታል እንጂ ለምን እንደቆመ አያውቁም። እኔ ግን ደብተሮቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ ማየት ለመድኩ፤ ማንም ሳይነግረኝ ያየሁት ነገር ነበረ። በመጀመሪያዎቹ ደብተሮች የነሐሴ ሌሊት ቀዝቀዝ ይላል፤ በኋለኞቹ ሌሊቱ የቀኑን ሙቀት ታቅፎ ያድራል፤ ያን ሹራብ የሚያስለብሰው የብርድ ቀንም ከዓመት ዓመት ያንሳል። ዝናቡም እንደ ድሮው ቀስ እያለ ብዙ ቀን አይመጣም፤ ይጠፋ ይጠፋና አንድ ቀን ላይ እንደተቆጣ ሰው ይዘረግፈዋል። ይህን ለገብያው ስነግረው፣ «ዕድሜሽ ነው፣ ሙቀት የማይችልሽ» ይለኛል። እሱ ራሱ የማያረጅ ይመስል!

አንድ ቀን ኖዓ የምትባል ልጅ ደወለች። እዚሁ ከራማት ፖሌግ ሰፈር ነች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፤ የዮኤል ልጅ በአባቱ ወረቀቶች መሀል ስሜን አግኝቶ ሰጥቷት ነው። መጣችና ሠላሳውን ደብተር ሳሎናችን ምንጣፍ ላይ ዘረጋችው። በስሜ ትጠራኛለች፣ እማማ የለ፣ እትዬ የለ፤ የዚህ አገር ልጅ ናት፣ ግድ የለም። ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት። በዓለም ዙሪያ ሰዎች በየአገሩ እንዲህ ያለ ደብተር እየሰበሰቡ ነው አለችኝ። ምድርን በካርታ ላይ በአራት ማዕዘን ከፋፍለው፣ በየማዕዘኑ የዓመቱ እጅግ ሞቃት ቀን የትኛው ነው፣ እጅግ ሞቃት ሌሊትስ፣ በአንድ ቀን የዘነበው ትልቁ ዝናብ ስንት ነው፣ ያለ ዝናብ የታለፈው ረጅሙ ጊዜ ስንት ቀን ነው ብለው ይለያሉ፤ ከዓመት ዓመት እየባሰ መሄዱን የሚያዩት በዚያ ነው። «አማካዩ ብዙ ይደብቃል» አለችኝ። «ዳር ዳሩን፣ እጅግ የበዛውንና እጅግ ያነሰውን፣ የሚናገረው በየቀኑ የተጻፈ ደብተር ነው። ያንቺ ብቻውን ብዙ አይልም፤ ከሺዎቹ ጋር ሲሆን ግን ይናገራል።»

ዜሮዎቼን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «በበጋ ሁሉ ጽፈሻል?»

«ሞኝነቴ ነው» አልኳት።

«አይደለም! ባዶ መስመር ሰው አይቶ ይሁን ረስቶ አይታወቅም። ዜሮ ግን ምስክር ነው።»

ደስታዬ ሦስት ሳምንት ቆየ። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሯል። መምህሯ ትልቁን ቁጥር አይቶ፣ ቀኑ ቅዳሜ መሆኑን አይቶ፣ «ይቺ ሴት ሰንበት አክባሪ ናት፤ ቅዳሜ አልጻፈችም። ይህ የሁለት ቀን ውሃ ነው» ብሏል። ያ ከተሰረዘ ቅዳሜዎቹ ሁሉ ይሰረዛሉ፤ ከሰባት ቀን አንዱ ከጎደለ ደግሞ ደብተሩ በሙሉ ወደ ዓለሙ መዝገብ አይገባም። ሠላሳ ዓመት ማለት እኮ ነው፤ በሠርግ ማግስት ለክቼ፣ በለቅሶ መሀል ለክቼ። የአባን ነገር፣ ዓይን ሥራ አትሠራም ያሉትን፣ ጭረቶቹን፣ የእሑዱን ቅናሽ ሁሉ አሳየኋት። ኖዓ ታምነኛለች፤ ግን እንዲህ አለች፦ «መምህሬ፣ ድምሩን ቤት ቁጭ ብላ ለሁለት ከፍላው ቢሆንስ ይለኛል። ትውስታ መሣሪያ አይደለም ይላል።»

ገብያው ጥግ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን የሚያይ መስሎን ነበር። ድምፁን ቀነሰው። በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጡ፣ «መቶ አሥራ አራት» አለ።

«ምን አልክ?» አልኩት።

«የጎርፉ ሰንበት። መቶ አሥራ አራት። አባቴ ከጠዋት እስከ ማታ በዜማ ሲለው አልዋለም? ጆሮዬን በላኝ እኮ! ጸሎቴን ረስቼ እሱን አጠናሁ።»

ደብተሩ ተዘግቶ ኖዓ ጭን ላይ ነበር። እሱ ከፍቶት አያውቅም፤ የዕብራይስጥ ጽሕፈትም አያነብም። ኖዓ ገለጠችው፣ ገጹን ፈልጋ አገኘች፣ ቀና ብላ አየችው። መቶ አሥራ አራት።

«ይህ እንኳ ማስረጃ አይባልልኝም» አለች እየሳቀች፣ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። «ለእኔ ግን በቂ ነው። የቀረውን በቁጥር አሳየዋለሁ።» ሁለት ወር ወሰደባት። ሁለት ቁጥር የጻፍኩባቸውን ቅዳሜዎች ለመምህሯ አሳየችው፤ የሚዋሽ ሰው አንድ ቁጥር ይበቃዋል አለችው። ቅዳሜዎቼን ከሌሎቹ ቀኖቼ ጋር፣ ከአካባቢው መለኪያዎችም ጋር አንድ በአንድ አስተያየቻቸው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደወለች። «ትርንጎ፣ ቅዳሜዎችሽ ከማክሰኞዎችሽ አይለዩም! ሁሉም ገባ። የጎርፉ ሰንበትም ገባ። መምህሬ ይቅርታ ብሎሻል።»

መጥረጊያ ይዤ የገባሁበት የትምህርት ቤት ግቢ ነው እንግዲህ የዓለም ካርታ ላይ የወጣው። ካርታውን በስልክ ላከችልኝ፤ ዓለም ሙሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍላ፣ እኛ ያለንበት ማዕዘን ውስጥ ካሉት ነጥቦች አንዷ የእኔ ናት። ካርታው የሚናገረው ነገር ደስ የሚል አይደለም፤ ሙቀት የጨመረበት ቀዩ ብዙ ነው። ግን እውነቱ እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች መሀል ነኝ። የአባም ጭረት እዚያ ውስጥ አለች።

ገብያው በወሩ ለኖዓ ደውሎ አንድ የዝናብ መለኪያ ጠየቃት። ዐጋሚም ሄዶ አስቴር ቤት፣ ምድር ላይ ባለችው ትንሽ ግቢዋ ውስጥ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጎ ተከለው፤ በኩሬው ዳር አልፎ በእግሩ በየማለዳው ይሄዳል፣ ሰንበትም አይቀር፣ በዓይኑ ብቻ። ደብተር ገዝቶ በአማርኛ ይጽፋል። ቀኑን የሚጽፈው በእኛ ወር ነው፤ ኅዳር ይላል፣ ታኅሣሥ ይላል። ኖዓ በየወሩ መጨረሻ ትደውልለትና መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ ያነብላታል፤ እሷም እዚያ ማዶ ሆና ወደ ራሷ ወር ትገለብጠዋለች።